ምዕራፍ 7፦ አምፕሊፋየሩ የውኃ አባት ነው

«ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስም ለአፍ ይቀላል፤ ሥራውን ግን አሳስቶ ይነግረናል። ማጉያ ሲባል የሰማ ሰው ትንሽ ድምፅ በአንድ በኩል ገብቶ፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ በሌላው በኩል ትልቅ ሆኖ የሚወጣ ይመስለዋል። በሳጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይካሄድም። ከፍላሹ፣ ከስልኩ ወይም ከሬዲዮው የምትነሣው ደካማ ምልክት ሳትወፍር፣ መልእክቷን አድርሳ እዚያው ትቀራለች። ስፒከሩን የሚያንቀጠቅጠው ጉልበት የእርሷ አይደለም፤ የባትሪውና የዲናሞው ነው። ይህን የያዘ ሰው የመኪና ዕቃ መሸጫ ገብቶ ነጋዴው «ይህ ኤቢ ነው፣ ያኛው ዲ ነው» ሲለው በፊደሎቹ አይደናገርም፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋትም አያስደነግጠውም።

በምዕራፍ 3 ባትሪን በጎተራ፣ ዲናሞን ጎተራውን በሚሞላ አውድማ መስለናቸው ነበር። በምዕራፍ 5 ደግሞ ስፒከር ማለት ኮረንቲ ሲገፋው የሚወጣ፣ ሲስበው የሚገባ ሽፋን መሆኑን አይተናል። በጎተራውና በሽፋኑ መካከል ያለውን መንገድ ግን ሳንነካው አለፍን፤ ይህ ምዕራፍ የዚያ መንገድ ነው። የምሟገትለት ነጥብም አንድ ነው። የአምፕሊፋየር ዓይነቶች የጥራት ማዕረጎች አይደሉም። የባትሪው ጉልበት ወደ ስፒከሩ ሲሻገር ምን ያህሉ በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል ለሚለው ጥያቄ የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ናቸው። ለደብረ ታቦር ሚኒባስ፣ በገበያ ቀን ሞንታርቦ ጭኖ ለሚዞር የቅስቀሳ መኪና፣ ለባጃጅም የሚበጀው ከዚሁ ጥያቄ ይገኛል።

ከጉና የሚወርደው ውኃ

ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በደቡብ ጎንደር አናት ላይ ተቀምጧል። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው፣ ፎገራን አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ገበሬው በባህላዊ መስኖ ወንዝ ሲጠልፍ ተራ የሚያስከብር፣ ቦይ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ከመካከሉ ይመርጣል፤ የውኃ አባት ይባላል። የውኃ አባት አንዲት ጠብታ አይፈጥርም። ውኃው የተራራው ነው፤ ቁልቁል የሚያስሮጠውም ቁልቁለቱ ነው። የእርሱ ድርሻ ልክ መስጠት ነው። ክንዱ ቀጭን ቢሆንም፣ የቦዩን መዝጊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ዝቅ ባደረገ ቁጥር ከታች ያለው ማሳ የሚያገኘው ውኃ ይበዛል ወይም ያንሳል። ክንዱን በምት ቢያወዛውዘው ውኃውም ያንኑ ምት ይደግማል፤ ያውም ክንድ ብቻውን ሊያመጣው በማይችል ጉልበት።

አሁን ወንዙን በባትሪ፣ መዝጊያውን በትራንዚስተር፣ የውኃ አባቱን ክንድ ከፍላሹ በምትመጣው ምልክት፣ ማሳውን በስፒከር ይተኩ። አምፕሊፋየር ማለት ይኸው ነው። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ከመወለዱ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ሊ ደ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 የሠራው ዓይነት፣ አምፖል የሚመስል የመስታወት ቱቦ ነበር። ቱቦውም ትራንዚስተሩም የሚሠሩት ያንኑ የውኃ አባት ሥራ ነው፤ ትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል ታዝዘዋለች።

ከዚህ አንድ ጥብቅ ሕግ ይከተላል፤ ምዕራፉን በሙሉ የሚሸከመው እርሱ ነው። የውኃ አባት ወንዙ ከያዘው በላይ ማጠጣት አይችልም፤ አምፕሊፋየርም ከባትሪው ከወሰደው በላይ ለስፒከሩ መስጠት አይችልም። የወሰደውንም በሙሉ አይሰጥም። ልዩነቱ የሚታይ ፍሳሽ የለውም፤ በእጅ የሚዳሰስ ግለት ሆኖ በሳጥኑ ክንፋም አሉሚኒየም ላይ ይቀራል።

ፍሬን የሚግለው መቼ ነው

የቦዩ ምሳሌ እዚህ ላይ ይደክማል፤ ግማሽ የተከፈተ የቦይ መዝጊያ አይግልም፣ ትራንዚስተር ግን ይግላል። ለዚህ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ የተሻለ አስተማሪ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወረታ ከእርሷ ከ800 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጭነት ይዞ በዚህ ቁልቁለት የሚወርድ አሽከርካሪ የፍሬን ሸራ መቼ እንደሚሸት በደንብ ያውቃል። ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ረግጦ መኪናውን ካቆመው ሸራው አይግልም፤ ጫናው ቢኖርም እንቅስቃሴ የለም። ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ከለቀቀውም አይግልም፤ እንቅስቃሴው ቢኖርም ጫና የለም። ሸራውን የሚያቃጥለው መካከለኛው ነው፤ ግማሽ ረግጦ፣ እየተንፏቀቁ፣ ረጅም ቁልቁለት መውረድ።

ትራንዚስተርም ልክ እንደዚሁ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ የባትሪው ግፊት፣ ቮልት የምንለው፣ በላዩ ላይ ያርፋል፤ ኮረንቲ ግን አያልፍም። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ኮረንቲው እንደ ልቡ ያልፋል፤ የሚያርፍበት ግፊት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሙቀት የሚወለደው ግፊትና ፍሰት በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ነው፤ ይህም የሚሆነው መዝጊያው ግማሽ ተከፍቶ ሲቆም ነው። የአምፕሊፋየር ዓይነቶች ልዩነት በሙሉ ከዚህ አንድ ነጥብ ይመነጫል። አንባቢ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ቢሆን ይህን እንዲይዝ እወዳለሁ፤ የተቀረው ሁሉ ከእርሱ የሚመዘዝ ነው።

ክላስ ኤ የሚባለው ዓይነት መዝጊያውን ምንጊዜም ግማሽ ከፍቶ ይይዛል፤ ሙዚቃው ሲመጣ ከዚያ መካከል ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዘዋል። መዝጊያው ፈጽሞ ስለማይዘጋ ድምፁ ንጹሕ ነው፤ በቤት ውስጥ ሙዚቃ የሚያዳምጡ ወዳጆቹም ስለዚሁ ያከብሩታል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በቀላሉ አሠራሩ ከሚወስደው ኃይል ቢበዛ 25 በመቶውን፣ በተሻለው አሠራር ቢበዛ 50 በመቶውን ብቻ ነው ለስፒከር የሚያደርሰው፤ ይህም በወረቀት ላይ የሚገኝ ጣራ ነው። አራት ስፒከር እያንዳንዱን በ50 ዋት ለመንዳት ቢፈለግ የሚሰጠው 200 ዋት ነው፤ በ25 በመቶው ስሌት ግን የሚወስደው 800 ዋት ይሆናል። ይህ በመኪና ቮልት ሲካፈል ወደ 57 አምፔር ይጠጋል። ሙዚቃው ቢቆምም ፍጆታው አይቆምም። የአንድ ሚኒባስ ዲናሞ በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 አምፔር ገደማ ስለሚያመነጭ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ስለሚያንስ፣ ክላስ ኤ ለመኪና አይሆንም ማለት ማጋነን አይደለም። በካርቶን ላይ ተጽፎ ያየው ሰውም የማስታወቂያ ቃል መሆኑን ይጠርጥር።

የጋፋት ወናፍ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ብረት ባለበት እሳት አለ፤ የአገራችን ባለእጅ ደግሞ እሳቱን የሚያነሣው በወናፍ ነው። ወናፍ ሁለት የቆዳ ከረጢት ነው። አንዱ ሲጫን ወደ ፍሙ ይተነፍሳል፤ በዚያው ጊዜ ሌላው አየር ስቦ ይሞላል፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ክላስ ቢ የሚባለው አምፕሊፋየር ይኸው ወናፍ ነው። ሁለት ትራንዚስተሮች አሉት፤ አንዱ የስፒከሩን ሽፋን ይገፋል፣ ሌላው ይስባል፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተዘግቶ ያርፋል። ባረፈው በኩል ሙቀት ስለማይኖር ከሚወስደው ኃይል በወረቀት ጣራው እስከ 78 በመቶ ያህሉን ያደርሳል።

ችግሩ ያለው በተራ መቀያየሪያው ላይ ነው። አንደኛው ከረጢት ተንፍሶ ሲጨርስ፣ ሁለተኛው ገና ሲጀምር፣ በመካከሉ ትንፋሽ የማይኖርባት ቅጽበት ትፈጠራለች። ፍም ይህችን ቅጽበት አይቆጥራትም፤ ጆሮ ግን ይቆጥራታል። በተለይ ድምፁ ዝግ ሲል፣ ለምሳሌ ማሲንቆ ብቻውን ሲያለቃቅስ፣ ምልክቷ ትንሽ ስለሆነች ክፍተቷ ከእርሷ አንጻር ትልቅ ሆና ትሰማለች፤ ድምፁ ሻካራ ይሆናል። ልምድ ያለው ወናፍ ነፊ የሚያደርገውን ማስተዋል መፍትሔውን ይነግረናል። አንደኛው ከረጢት ሙሉ በሙሉ ሳይሟሽሽ ሁለተኛውን መጫን ይጀምራል፤ ሁለቱ ትንፋሾች ጫፍ ለጫፍ ይደራረባሉ። ክላስ ኤቢ ማለት ይህ ነው። ሁለቱም ትራንዚስተሮች በቅብብሉ ላይ በጥቂቱ ተከፍተው ይቆያሉ፤ ጥቂት ሙቀት ከፍለው ሻካራነቱን ያስወግዳሉ። ለአሥርታት የመኪና ድምፅ የቆመው በዚህ ላይ ነበር፤ ዛሬም ብዙ የመኪና ቴፕ በውስጡ የያዘው ይህን ነው።

የኤቢን ቁጥር ስናይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። 78 በመቶው የሚገኘው አምፕሊፋየሩ እስከ አቅሙ ጫፍ ሲነዳ ነው። ሙዚቃና ንግግር እንዲህ አይደሉም፤ ከበሮው ሲመታ ለቅጽበት ይነሣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝቅ ብለው ይሄዳሉ። በአማካይ ከአቅሙ አንድ ስምንተኛውን ቢሰጥ፣ ያው ስሌት የክላስ ቢን ብቃት ወደ 28 በመቶ ያወርደዋል፤ ኤቢም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ፍሬኑ ግማሽ ተረግጦ የሚቆይበት ጊዜ በዛ ማለት ነው። «ኤቢ ከሚወስደው ከግማሽ በላይ ይሰጣል» የሚለው የሱቅ አነጋገር በጫፍ ላይ ልክ ሊሆን ይችላል፤ በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ግን አይደለም።

ወይ ክፍት ወይ ዝግ

ግማሽ የተረገጠ ፍሬን ሙቀት ካመጣ፣ ፈጽሞ ግማሽ ባንረግጥስ? ክላስ ዲ የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው። በዚህ ዓይነት ትራንዚስተሩ ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፤ ሙሉ ክፍት ወይም ሙሉ ዝግ። ታዲያ መካከለኛው ድምፅ ከየት ይመጣል? ወደ ውኃ አባቱ እንመለስ። መዝጊያው ግማሽ መክፈት የማይቻልበት ቢሆን፣ ማሳው የሚፈልገው ደግሞ ከሙሉው ፍሰት 60 በመቶ ቢሆን፣ ከአሥር ቅጽበት ስድስቱን ከፍቶ አራቱን ይዘጋል። ከመዝጊያው በታች ትንሽ ኩሬ ብትኖር፣ የሚመጣው ውኃ ሞገድ በሞገድ ቢሆንም ከኩሬዋ ወደ ማሳው የሚወጣው የረጋና እኩል ነው። ፍላጎቱ ወደ 80 ሲያድግ ከአሥሩ ስምንቱን ይከፍታል። ማሳው መዝጊያው እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ፈጽሞ አያውቅም።

በክላስ ዲ ውስጥ ይህ መክፈትና መዝጋት በሰከንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይካሄዳል። የሰው ጆሮ ከፍ ቢል በሰከንድ እስከ 20,000 ውዝዋዜ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ጥድፊያው ከመስሚያችን በላይ ነው። የኩሬዋን ሥራ የሚሠሩት ከስፒከሩ በፊት የተቀመጡት የሽቦ ጥቅልልና ካፓሲተር ናቸው፤ ጥድፊያውን አስቀርተው ሙዚቃውን ያሳልፋሉ። ትራንዚስተሩ በግማሽ ላይ የሚገኘው ከክፍት ወደ ዝግ በሚሻገርባት ቅንጣት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከተወሰደው ኃይል ከ80 በመቶ በላይ፣ በጥሩ ሥራ 90 በመቶ ያህሉ ስፒከሩ ጋ ይደርሳል። ዝቅ ባለ ድምፅም ብቃቱ እንደ ኤቢ አይወድቅም።

ልዩነቱን በተጨባጭ እንመልከት። ሞተሩን አጥፍቶ በአደባባይ ስለ ክትባት የሚያስተላልፍ መኪና እንውሰድ፤ ባትሪው 60 አምፔር ሰዓት፣ ለስፒከሮቹ በአማካይ የሚደርሰው 60 ዋት ይሁን። በ30 በመቶ ብቃት የሚሠራ ኤቢ 200 ዋት ይወስዳል፤ 140 ዋቱ ሙቀት ነው። በ75 በመቶ የሚሠራ ዲ 80 ዋት ይወስዳል፤ ሙቀቱ 20 ዋት ነው። መኪናው ተመልሶ እንዲነሣ ከባትሪው ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል፣ ኤቢው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ ዲው አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይዘልቃል። በእውነተኛው ባትሪ ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ ባትሪ በኃይል ሲጠባ ከተጻፈበት ያነሰ ስለሚሰጥ። የዲናሞው ጉልበት ትንሽ ለሆነው ለባጃጅ ይህ ስሌት የበለጠ ይበረታበታል።

ደጋ ነው፣ ብርድ ነው

«ደብረ ታቦር ደጋ ናት፤ በዚህ ብርድ ሙቀት ምን ያሰጋል?» የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ሙቀትን ለመሳብ ይረዳል። ግን አየሩ ቀዝቃዛ ብቻ አይደለም፤ ስስም ነው። በ2,700 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ክንፋሙን አሉሚኒየም የሚያቀዘቅዘው በላዩ የሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀትም ይቀንሳል፤ ቅናሹ ከ10 በመቶ በላይ ይሆናል። ከዚህ በላይ የሚከብደው ደግሞ አቀማመጡ ነው። አምፕሊፋየር በአብዛኛው የሚገባው ከወንበር ሥር፣ ከምንጣፍ በታች፣ የበጋ አቧራ በሚከማችበት፣ አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ነው። ውጭ ያለው ብርድ እዚያ አይደርስም። መኪናውም ደብረ ታቦር ላይ ተተክሎ አይቀርም፤ ወረታ ይወርዳል፣ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ሲጓዝ የዓባይን በረሃ ያቋርጣል። ዕቃ የሚመረጠው ለከፋው ሰዓት ነው።

ድምፁስ? ቢበላሽስ?

ከሁሉም የሚበልጠው ተቃውሞ ስለ ድምፅ ጥራት ነው፤ ክላስ ዲ «ዲጂታል ስለሆነ ድምፁ ይደርቃል» ይባላል። በመጀመሪያ፣ «ዲ» የዲጂታል ዲ አይደለም። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ሲቆጠር ቀጥሎ የመጣ ፊደል ነው፤ «ሲ» የተባለው በሬዲዮ ማሰራጫዎች የሚያገለግል፣ ለሙዚቃ የማይሆን ዓይነት ነው። ሁለተኛ፣ ስሙ የጎደፈው በአንድ ወቅት በእውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝ አገር የሲንክሌር ኩባንያ ይህን ዓይነት ለሽያጭ ሲያወጣ የዘመኑ ትራንዚስተሮች ለፍጥነቱ አልደረሱም ነበር። መዝጊያው ሲከፈትና ሲዘጋ ከተጓተተ ድምፁ ይዛባል። ፈጣን ትራንዚስተሮች ከመጡ በኋላ ግን ምክንያቱ ወድቋል፤ ወሬው ነው የቀረው። ሦስተኛው መልስ ለእኔ ከሁሉ ይከብዳል። ከፍ ያለ ዋት ያለው የመኪና ኤቢ ራሱ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 30ና ከዚያ በላይ የሚያሳድገው እየከፈተ በሚዘጋ ትራንዚስተር ነው፤ አለዚያ ያን ያህል ዋት ሊሰጥ አይችልም። ጥድፊያውን የሚፈራ ሰው ኤቢ ገዝቶም አላመለጠውም። በናፍጣ ሞተር ጩኸትና በጎማ ድምፅ መካከል ደግሞ በጥሩ ዲ እና በጥሩ ኤቢ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለይ ጆሮ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዲ ነውር የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ኩሬዋ በርካሽ ከተሠራች ጥድፊያው በሽቦ በኩል አምልጦ ሬዲዮውን ይረብሻል፤ በመካከለኛ ሞገድ ዜና የሚከታተል አሽከርካሪ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ከአንቴናው ሽቦ ማራቅ፣ ከመግዛትም በፊት ሬዲዮ ከፍቶ መሞከር ያሻል። የጥገናው ጥያቄም ከባድ ነው። የኤቢ ትራንዚስተር ጎላ ብሎ የሚታይ፣ በእጅ መበየጃ የሚነቀልና የሚተካ ነው፤ የብዙ ዲ ክፍሎች ግን ሰሌዳው ላይ የተለጠፉ ቅንጣቶች ናቸው፤ ለእነርሱ የሙቅ አየር መበየጃና ምትክ ዕቃ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል። በወረዳ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሚዛኑን ሳየው ግን አሁንም ወደ ዲ ያጋድላል፤ የኤቢን ትራንዚስተር በብዛት የሚገድለው ራሱ ሙቀቱ ነውና። ለፊት በሮቹ ትናንሽ ስፒከሮች፣ 20 እና 30 ዋት ለሚበቃቸው፣ በሠፈሩ የሚጠገን ኤቢ መያዝ ምክንያታዊ ነው። ከበሮውን ለሚሸከመው ትልቁ ጃምቦ፣ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራው ሞንታርቦም ዲ ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት

«2000 ዋት» የሚል ካርቶን ሲታይ መፈለግ ያለበት ሳጥኑ ላይ የተሰካው ፊውዝ ነው። ፊውዙ 30 አምፔር ከሆነ፣ ሞተሩ ሲሠራ ባለው 14.4 ቮልት ሲባዛ 432 ዋት ይሆናል፤ ሳጥኑ ያለማቋረጥ ሊወስድ የሚችለው ይኼው ነው። ኤቢ ከሆነ በጫፉ 260 ዋት ያህል፣ ዲ ከሆነ 370 ዋት ያህል ይሰጣል። 2000ው ከየትም ሊመጣ አይችልም፤ የውኃ አባት ወንዝ አይወልድም ብለናል። የመኪና ቴፖች ፊት ላይ የሚጻፈው «4 ጊዜ 50 ዋት»ም እንዲሁ ነው። ቮልት የሚያሳድግ ነገር ከሌለው 14.4 ቮልት በተለመደው 4 ኦም ስፒከር ላይ ሳይዛባ ከ26 ዋት በላይ መስጠት አይችልም፤ ይህ የቮልቱና የኦሙ ስሌት ነው እንጂ የፋብሪካው ጥራት ጉዳይ አይደለም።

ሞተሩ ስለሚጮህ ብዙ ዋት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብም የጆሮን ጠባይ ይዘነጋል። ጆሮ ዋትን በቀጥታ አይቆጥርም። ድምፁ እጥፍ ጮኸ እንዲል ዋቱ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት፤ ከ100 ወደ 200 ዋት መሄድ «ጥቂት ጨመረ» ከማለት አያልፍም። ለንግግርና ለቅስቀሳ ከሆነ ደግሞ አፈ ሰፊው መለከት መሰል ስፒከር በትንሽ ዋት ከጃምቦ ይልቅ ሩቅ ያደርሳል፤ ገንዘቡ አምፕሊፋየሩ ላይ ከሚፈስ እዚያ ቢሄድ ይሻላል።

ባለ 24 ቮልቱ አይሱዙ

በዚህ አካባቢ በሠርግ ወራት ሙዚቃ ጭኖ የሚሄደው፣ በገበያ ቀን ሰውና እህል የሚያመላልሰው አይሱዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን ደርቦ በ24 ቮልት ይሠራል። የመኪና አምፕሊፋየር ግን ለ12 ቮልት ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ሽቦው ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ላይ ብቻ ይሳባል። ሙዚቃው ይሠራል፤ ጥፋቱም ወዲያው አይታይም። ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው የሚሞላቸው። ከአንደኛው ጎተራ ብቻ እየተዘገነ ለሁለቱም እኩል ሲሰፈር፣ የተዘገነበት ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሆናል፤ ያልተነካው ደግሞ ከልኩ በላይ ይሞላል፣ ውኃውም እየፈላ ይደርቃል። ባትሪዎቹ በየፊናቸው ያልቃሉ፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ በባትሪው ጥራት ይመካኛል። ኤቢ ከሆነ የሚዘገነው በእጥፍና ከዚያ በላይ ስለሆነ ሞታቸው ይፈጥናል። መፍትሔው 24ቱን ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ከሁለቱም ባትሪዎች ላይ ማሰር ነው። የመቀየሪያው ዋጋ በሚሸከመው አምፔር ልክ ስለሚወደድም፣ ለዚያው ድምፅ አነስተኛ ኮረንቲ የሚጠጣው ዲ እዚህም ወጪውን ያቀልለዋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ነው። በእነርሱ ውስጥ ዲናሞ የለም፤ ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላት፣ ጎማውን ከሚያዞረው ከትልቁ ባትሪ ቮልት እየቀነሰ የሚያመጣ መቀየሪያ ነው። አምፕሊፋየሩ በሙቀት የሚያባክነው ዋት ከዚያው መንገድ ከሚያስኬደው ጎተራ ይቀነሳል። የሞተር ጩኸት ስለማይኖር ደግሞ ያንኑ ሙዚቃ በጥቂት ዋት መስማት ይቻላል።